እጁን ሳያጣምር

በቤታችን ውስጥ የሚጎርስ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጉርሻ ከተውኩ ቆይቻለሁ። እናቴ ማዕዛ እጇን ወደ አፌ ስትሰድ "እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?" ብዬ ፊቴን አዞርባታለሁ። ወንድሟ ግን፣ ያ ጢሙን ያሳደገ ትልቅ ሰውዬ፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር አጠገቧ ተቀምጦ አፉን ይከፍታል። ጠቅልላ ታጎርሰዋለች። ያላምጥና "አንዱ ያጣላል" ይላል። ሁለተኛውን ትሰጠዋለች። ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው፤ በገዛ እጁ አንዲት ቁራሽ ሳይቆርስ ጠግቦ ይነሣል። ሲያላምጥ ሳየው ደሜ ይፈላ ነበር። ቅምጥል፣ እላለሁ በሆዴ።

ስሙ ኃይለኪሮስ ነው። እኔ አኮይ ነበር የምለው፤ በትግርኛ የእናት ወንድም እንዲያ ነው የሚጠራው። ቦሌ ውስጥ በአንድ ሆቴል ባንድ ድራም ይመታል፤ ቀን ቀን ደግሞ እኛ ጋ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሳሎናችን ሶፋ ላይ ይተኛል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው የሚነቃው። ለእኔ ከዚህ የባሰ ነውር አልነበረም።

አባቴ ገብረዋሕድ ሴራሚክ ነጋዴ ነው። ለእሱ ሰው ማለት ጠዋት ተነሥቶ ሱቅ የሚከፍት ፍጡር ነው፤ ሌላው ሁሉ እንዲያው ዕድሜ ይቆጥራል። የሚስቱን ወንድም "ከበሮ መቺው" እንጂ በስሙ ጠርቶት አያውቅም። "ዲያቆን ከበሮ ሲመታ ለእግዜር ነው፤ ይሄ ደግሞ ለሰካራም" ይላል። ሕጉም አጭር ነበር፤ እኔ ፊት ሳይቀር ነው የሚናገረው።

"ሥራ እስካለው ይደር። ሥራ የፈታ ዕለት ግን፣ ማዕዛ፣ በሩ የት እንዳለ ታውቂዋለሽ።"

እናቴ ሳህን ታነሣለች። እኔ የአባቴ ልጅ ነበርኩ። ንቀት ይወረሳል፤ እኔ ደግሞ ሰውዬው ሳይሞት ነው የወረስኩት።

ድራም ሲመታ ያየ ሰው ያውቃል። ሃይሃት የሚሏቸው ተደራራቢ ሳህኖች በመቺው ግራ በኩል ይቆማሉ። መቺው ቀኝ እጁን በግራው ላይ አሻግሮ እነሱን ይመታል፤ ግራ እጁ ከሥር ሆኖ ፊት ለፊት ያለችውን ትንሿን ከበሮ ይመታል። እጆቹ ይጣመራሉ። ቴሌቪዥን ላይ የማያቸው በሙሉ እንዲህ ነበሩ። አኮይ አያጣምርም። ከሰዓት ላይ የሶፋውን ትራስ ፊቱ ያስቀምጣል፤ በግራው በኩል በርጩማ ላይ የድስት ክዳን ይደፋል። ከዚያ ግራ እጁን ለክዳኑ፣ ቀኝ እጁን ለትራሱ ሰጥቶ፣ ደረቱን ገልጦ ይመታል። ዋናውን ሥራ፣ ያን ሳያቋርጥ ቲስ ቲስ የሚለውን፣ ለግራ እጁ ነበር የሰጠው።

በእኛ ቤት ግራ እጅ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አባቴ በግራ የተሰጠውን ብርጭቆ አይቀበልም። እኔ ሦስት ዓመቴ ላይ በግራዬ ስቆርስ እጄን በጥፊ ብሎ ነው ያስተወኝ። በግራ ማጉረስማ ጠላትነት ነው፤ ለውሻም አይደረግ። እንግዲህ ይሄ ሰውዬ ግራ እጁን አለቃ ሲያደርግ ያየ ልጅ ምን ይበል? አያውቅበትም አልኩ። ማንም በወጉ አላስተማረውም፣ ሆቴሉም ሌላ አጥቶ ነው አልኩ።

ሌላም ነገር ነበረችው። ሲጀምር ሁለቱንም ስቲክ፣ መምቻዎቹን፣ ከላይ ጨብጦ ነው፣ እንደ መዶሻ። ዘፈኑን በአፍንጫው እያዜመ ይመታል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁን ያዞራል፤ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ ስቲኩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አስተኝቶ፣ ደጀ ሰላም ላይ እንደሚለምን ሰው አድርጎ ይይዘዋል። ሲያዞረውም ዝም ብሎ አይደለም። ስቲኩን ብልጭ አድርጎ ወደ ላይ ይወረውርና በአዲሱ አያያዝ ይቀልበዋል፤ ፈገግም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ያዞረዋል። ጉራ ብቻ! ማን እያየው ነው? የድስት ክዳን።

እኔም ጎረቤታችንን ረሆቦትን አስቀምጬ እያሾፍኩ አስመስለው ነበር። ሁለት ማማሰያ ይዤ፣ መኝታ ቤት መስተዋቱ ፊት፣ ግራዬን ለሣጥኑ ቀኜን ለትራሱ ሰጥቼ፣ በአፍንጫዬ እያዜምኩ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀኙን እወረውራለሁ፣ መዳፌን ገልብጬ እቀልባለሁ፣ የሱን ፈገግታ ፈገግ እላለሁ። ረሆቦት መሬት ላይ ተንከባልላ ትስቃለች። መጀመሪያ ማማሰያው ይወድቅብኝ ነበር። ከገና እስከ ሁዳዴ አጋማሽ ስለፋበት ግን አንዲት ምት ሳልስት ሰውዬውን ራሱን ሆንኩ። በሕይወቴ ለምንም ነገር እንዲያ ተግቼ አላውቅም።

ዛሬ ቦሌ ውስጥ በአንድ ላውንጅ ድራም የምመታው እኔ ነኝ። እጄን አላጣምርም። ሁለተኛው አዝማች ላይ ቀኙን ወርውሬ ገልብጬ እቀልባለሁ፤ ያኔ ልጆቹ ስልካቸውን ያወጣሉ። ዘፈኑን አይሰሙም፣ ይቀርጻሉ። "አርዬ፣ ስታይልሽ እኮ ሌላ ነው፣ ሲሪየስሊ፣ ማን አስተማረሽ?" ይሉኛል። "ዩቱብ" እላለሁ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። አባቴም ቪዲዮውን ለሱቁ ደንበኞች ያሳያል አሉ። ከበሮ መቺ የምትለዋ ቃል ከአፉ ጠፍታለች፤ "ልጄ አርቲስት ናት" ነው አሁን።

በዚያ በዘጠኝ ዓመቴ፣ ሁዳዴው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሰዓት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። እናቴ ለብ ያለ ጨው ውሃ በሳህን አድርጋ የወንድሟን ቀኝ እጅ ነክራ ታሸዋለች፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። እሱ ዓይኑን ጨፍኗል። በትግርኛ ነው የሚያወሩት፣ ያውም በፍጥነትና በሹክሹክታ፤ እኔ ግማሹን ነው የምይዘው። "ስድስት ወር ዕረፍት" የሚል ሰማሁ። "ፊርማ" ሰማሁ። "ወንድወሰን እንዳያይ" ሰማሁ። እናቴ ደግሞ ደጋግማ "ክሳብ ፋሲካ፣ ኪሮስ ሓወይ፣ ክሳብ ፋሲካ ጥራይ" ትለዋለች፤ እስከ ፋሲካ ብቻ፣ ወንድሜ።

የገባኝ ይህ ነው፦ ሰውዬው ስድስት ወር ሊተኛ አስቧል፣ እህቱም እንደ ሙሽራ እጁን እያሸች ታባብለዋለች። አባቴን አሰብኩት፤ ድካሙን፣ ሱቁን። በጣም ተናደድኩ።

አሁን እውነቱን ልናገር፤ የዘገየም ቢሆን። የአኮይ ቀኝ እጅ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እየሞቱ ነበር። ነርቭ ነው። አንድ ዘፈን እንኳ ሳይሞላ ጣቶቹ መጨበጥ ይተዋሉ፤ ስቲኩ ሲያንሸራትተው መዳፉን ገልብጦ ያስተኛዋል፣ እንዲያ ሲሆን መጨበጥ አያስፈልግም። ውርወራውም ፈገግታውም መሸፈኛ ነበር። ፈጣኑን ሥራ ለግራ ያስረከበውም ለዚያው ነው፤ ጎልማሳ ሰው፣ ሃያ ዓመት የመታበትን እጅ ትቶ በትራስና በድስት ክዳን እንደ አዲስ ተምሮ። እንጀራ መቁረስማ ከናካቴው አቅቶት ነበር። በግራው እንዳይበላ አባቴ አለ። ስለዚህ እናቴ ታጎርሰዋለች፤ ማንም ደግሞ ወንድሟን የምታጎርስ እህት አይጠረጥርም። ሆቴሉ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ ከባንዱ ጋር የዓመት ውል ሊፈራረም ነበር፣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ተጽፎ። ስሙ ከገባ፣ ታምሞ ቢያርፍም ቦታው ይጠበቅለታል። እስከዚያ ድረስ ማንም ያን እጅ እንዳያይ ነበር ጭንቀታቸው።

በፋሲካ ዕለት ወንድወሰን ለምሳ መጣ። የባንዱ መሪ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ነጭ ሸሚዝ በነጭ ሱሪ። ከበሮ መቺን የሚንቀው አባቴ፣ ሰውዬው ትልልቅ ሰው እንደሚያውቅ ሲሰማ፣ ራሱ ተነሥቶ ወንበር ሳበለት። የአባቴ ክብር ሁልጊዜም እንዲህ ርካሽ ነበረች።

ዶሮው ቀረበ። እናቴ አስቀድማ እንግዳውን አጎረሰች፣ አባቴን አጎረሰች፣ ከዚያ እጇ ወደ ወንድሟ ሄደና እዚያው ቀረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ማዕዛ፣ ይሄን ሰውዬ አበላሸሽው እኮ" አለ ወንድወሰን እየሳቀ።

"ጾሙ ጎድቶታል" አለች እናቴ።

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የእኔ ተከፈተ። "እሱ ሁልጊዜ ነው የሚጎርሰው" አልኩ። "በእጁ በልቶ አያውቅም።"

አባቴ ሳቀ። እናቴ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን የአባቴን ሳቅ ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ሳቅ የማላደርገው ነገር አልነበረም። ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁና ሁለቱን ማማሰያ ይዤ መጣሁ።

"ድራም ሲመታ ላሳያችሁ?"

"አንቺ ልጅ፣ ምግብሽን ብዪ" አለች እናቴ።

"ተያት፣ በዓል ነው" አለ አባቴ።

ትራሱን አመጣሁ፣ ክዳኑን በርጩማ ላይ ደፋሁ። በአፍንጫዬ እያዜምኩ ጀመርኩ። አባቴ ገና ከመጀመሪያው በሳቅ ይንፈራፈር ነበር። ሁለተኛው አዝማች ላይ ወረወርኩ፣ ገለበጥኩ፣ ቀለብኩ፣ ፈገግ አልኩ። አባቴ ዓይኑን በናፕኪን ጠረገ። ወንድወሰንም ይስቅ ነበር፤ ከዚያ መሳቁን ተወ። አኮይን አላየሁትም። ለምን አያለሁ?

"እስቲ ድገሚው" አለኝ ወንድወሰን።

ደገምኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

"ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያዞረው?"

"ሁልጊዜ። ሁለተኛው አዝማች ላይ።"

"ቀኙን ብቻ?"

"ቀኙን ብቻ፣ ጋሼ። ግራውን አዙሮት አያውቅም።"

ወንድወሰን ቀስ ብሎ አፉን ጠረገ። ወደ አኮይ ዞረና "ኃይለኪሮስ፣ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አጉርሰኸኝ አታውቅም" አለው። "በል በፋሲካ አጉርሰኝ።"

"እኔ ላጉርስህ፣ ወንድወሰን" አለች እናቴ፤ እጇ ቀድሞ ትሪው ላይ ነበር።

"ካንቺ ጎርሻለሁ። ከእሱ እጅ ነው የምፈልገው።"

ጉርሻ ተለምኖ አይከለከልም። በግራ ደግሞ አይሰጥም፤ ለእንግዳ፣ በበዓል፣ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ። አኮይ ቀኝ እጁን ወደ ትሪው ሰደደ። እንጀራውን ሊቆርስ ሞከረ፤ እንጀራው ጣቶቹን ተከትሎ መጣና ተመለሰ። በሦስቱ ደህና ጣቶቹ ጠርጎ ሰበሰበው። ሥጋው አመለጠው፣ እንደገና ሰበሰበው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጥቶ ነበር። እጁን አነሣና ወደ ወንድወሰን አፍ ወሰደ፤ መንገድ ላይ ጣቶቹ እንዲያው በገዛ ፈቃዳቸው ተከፈቱ። ወጡ ነጩ ሸሚዝ ላይ ፈሰሰ።

ሳቅሁ። ብቻዬን ነበር የሳቅሁት።

"ምንም አይደል" አለ ወንድወሰን። ሸሚዙን አልጠረገም፤ የአኮይን እጅ ነበር የሚያየው። ምሳው ሳያልቅ ተነሣ። በሩ ላይ አኮይን አቅፎት ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ቀኝ እጁን በሁለት እጆቹ ይዞ ዝቅ ባለ ድምፅ አናገረው። አኮይ ራሱን ይነቀንቃል። እያመሰገነው ነው አልኩ። እንግዳ አስደሰትኩ፣ አጎቴን አስመሰገንኩ፤ ለራሴም ኮራሁ። የነገረው "ማክሰኞ አትምጣ፣ ሌላ ሰው አለኝ" ብሎ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አኮይ ከሶፋው አልተነሣም። ረቡዕ ጠዋት አባቴ ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት እናቴን መኝታ ቤት ጠርቶ በሩን ዘጋ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሶፋው ባዶ ነበር። እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ፊቷ በሙሉ እንባ ነው፤ ሽንኩርቱ ነው አልኩ።

"አኮይስ?"

"ላምበረት ሄደ።"

ላምበረት መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ገባ ማለቷ ነው ብዬ ያዝኩ። ለረሆቦትም "አጎቴ አገሩ ገባ፣ ተገላገልን" አልኳት። ሶፋው ሥር ሁለቱን ስቲኮች አገኘሁ። የቀኙ መያዣ ላይ በእናቴ ክር እየተጠቀለለ የወፈረ ጨርቅ ነበረበት፤ ለደካማ ጣት እንዲመች። አስቀያሚ ነው ብዬ ፈትቼ ጣልኩት። በእነዚያ ስቲኮች ነው የጀመርኩት።

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲሁ ኖርኩ። ባለፈው ክረምት እናቴ ስልኬ ላይ ያንን ቪዲዮ አየችው። አንዴ አየችው፣ ደገመችው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

"ስታይል ነው የሚሉሽ?"

"አዎ።"

"ይሄ ስታይል አይደለም" አለች። "የወንድሜ በሽታ ነው።"

ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ ዱቄት እየነፋች። አኮይ የትም አልሄደም። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቶ እዚያው ቀረ። ከእኛ ቤት በታክሲ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትል እሱ ጋ ነበር የምትሄደው። አባቴ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እኔ ግን በላምበረት ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም።

ሄድኩ። መናኸሪያው ፊት ለመንገደኛ ውሃና ብስኩት የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ጢሙ ሸብቷል። ቀኝ እጁ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። አየኝና ወዲያው አወቀኝ፤ ግራ እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ፣ ይቅርታም አልጠየቀበትም። "ምሳ በልተሻል?" አለ። ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ አጠገባቸው ካለች ምግብ ቤት ወሰደኝ።

ሽሮ አዘዘ። በግራ እጁ ቆርሶ መብላት ጀመረ፤ በግልጽ፣ ሳይቸኩል። አንዲት ሴትዮ ከጎን ጠረጴዛ አየችውና ፊቷን አጨማደደች። እሱ ግድም አላለው። እኔ ከሰሚት ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ "አኮይ፣ ልጅ ነበርኩ" ከሚለው የሚጀምር። ሳልጀምረው ቀደመኝ።

"ድራም ትመቺያለሽ አሉ።"

"አዎ፣ አኮይ።"

"ታጣምሪያለሽ?"

"አላጣምርም።"

"ቀኙን ታዞሪያለሽ?"

"ሁለተኛው አዝማች ላይ" አልኩ።

"እጅሽን አሞሻል?"

"አላመመኝም።"

"ታዲያ ለምን ታዞሪዋለሽ?"

ሰው ያጨበጨበልኝ፣ ስልክ ያወጣልኝ፣ ከአባቴ ያስታረቀኝ ነገር ሁሉ ከአንድ የታመመ እጅ ላይ በሹፈት የገለበጥኩት ነው። "አኮይ፣ ልጅ ነበርኩ" አልኩት በመጨረሻ፤ ለራሴ ጆሮ እንኳ ቀለለብኝ።

አኮይ በግራ እጁ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለ፣ አስተካከለው፣ እዚያው ሰው ፊት ወደ አፌ ዘረጋልኝ። የጎን ጠረጴዛዋ ሴትዮ መብላቷን አቁማ ታየናለች። በግራ። ለውሻም አይደረግ። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።

አላመጥኩት። ስውጠው ፈገግ ለማለት ሞከርኩና እሱ ድሮ እናቴን ይላት እንደነበረው "አንዱ ያጣላል" አልኩት። ሁለተኛውን ጠበቅሁ።

"አዎ፣ ያጣላል" አለኝና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።